ዕቃ ቤት የሌላት ከተማ

በአገራችን አንዲት ቤተ ክርስቲያን ምንም ያህል ድኻ ብትሆን፣ ጣራዋ ሣር፣ ግድግዳዋም ጭቃ ቢሆን እንኳ ዕቃ ቤት አላት። በዕቃ ቤቷም ውስጥ መጽሐፉ በማኅደሩ ሆኖ ከግድግዳ ይሰቀላል፤ መስቀሉ፣ ጽናው፣ ጃንጥላው፣ ከበሮውና ጸናጽሉ በየስፍራው ይቀመጣል። ቄሰ ገበዙ በተለወጠ ጊዜ አዲሱ ከአሮጌው የሚረከበው በሽማግሎች ፊት አንድ በአንድ እየቆጠረ ነው። የጎደለ ቢኖር ይጠየቃል፤ የተሰበረ ቢኖር መሰበሩ ይነገራል፤ ስጦታ የሰጠም ሰው ቢኖር ስሙ በመጽሐፉ ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፋል። እኛም በልጅነታችን በዲቁና ስናገለግል ይህን ሥርዓት በዐይናችን አይተናል።

ኋላም ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገብተን «ሙዚየም» የሚለውን ቃል በተማርን ጊዜ ነገሩ እንግዳ አልሆነብንም። ሙዚየም ማለት አንድ ሕዝብ ያረሰበትን፣ የሠራበትንና የኖረበትን ዕቃ ሰብስቦ ለልጅ ልጅ የሚያቆይበት ዕቃ ቤት ማለት ነውና። የሁለቱም መሠረት አንድ ነው፤ ይኸውም መዝገብ ነው። መዝገብ የሌለው ዕቃ፣ ዕቃ እንጂ ቅርስ ሊባል አይችልም። ዛሬ የምንጽፈው እንግዲህ ስለምንኖርባትና ስለምናስተምርባት ከተማ ስለ ቱም ነው። ቱም ቤተ ክርስቲያን አላት፤ ትምህርት ቤት አላት፤ ገበያ አላት፤ የሥራዋ ዕቃ ቤት ግን የላትም።

አስቀድመን አገሪቱን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንናገር። ቱም በምዕራብ ኦሞ ዞን፣ በማጂ ወረዳ፣ ከማጂ ተራሮች ሥር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ዞኑም ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደዚህ የሚመጣ መንገደኛ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅማ ይደርሳል፤ ከዚያም መቶ ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ ሄዶ ቦንጋን ያገኛል፤ ደኑንም እያቋረጠ ወደ ሚዛን ተፈሪ ይወርዳል። ሚዛን ተፈሪ ከጎረቤቷ ከአማን ጋር አንድ ሆና ዛሬ ሚዛን አማን ትባላለች። ከሚዛን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምዕራብ ቢኬድ ቴፒ ናት። ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ ግን የዞኑን ከተማ ጀሙን አልፎ ወደ ቱም ይመጣል፤ ከቱምም ሽቅብ ወደ ማጂ ይወጣል። የመኪና መንገድ ባልጸናበት ዘመን በቱም ሜዳ ላይ አውሮፕላን ያርፍ ነበር። ዛሬም ክረምቱ በበረታ ጊዜ የከተማዋ ሰው ዐይኑን ወደ ጭቃው መንገድ አቅንቶ የጭነት መኪና መምጣቱን ይጠባበቃል።

የአገሪቱ አቀማመጥ በጣም የሚያስደንቅ ነው። ከእነዚህ ከደቡብ ምዕራብ ተራሮች በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ዝናብ ወደ ኦሞ ወንዝ ገብቶ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል፤ በምዕራብ በኩል የሚወርደው ግን በአኮቦ ወንዝ አድርጎ ከሶባት፣ ከሶባትም ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በአንድ ቀን የዘነበ ዝናብ አንዱ ክፍል መውጫ በሌለው ሐይቅ ሲቀር፣ ሌላው ክፍል እስከ ባሕረ ሜዲትራንያን መንገድ ይጀምራል ማለት ነው። ተማሪዎቻችን ይህን በካርታ ላይ በጣታቸው ተከትለው ባዩ ጊዜ፣ «እንግዲያውስ ግብፆች የኛን ዝናብ ይጠጣሉ» ብለው ሳቁ። ከተማቸው የዓለም ዳር ሳትሆን የውኃ ራስ መሆኗን ያን ቀን የተረዱ ይመስለናል።

በዚህ አገር ከጥንት ጀምሮ የኖሩት ዲዚ፣ ሜኢኒትና ሱሪ የሚባሉት ሕዝቦች ናቸው። ከሌላው የኢትዮጵያ ክፍል የመጣው ሰው እግሩን የተከለው ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1890 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን ይዘው እስከ ቱርካና ሐይቅ ከዘመቱበት ጊዜ ወዲህ ነው። የኛም አያት ከዚያ ወዲህ ከሰሜን ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነበሩ። ይህን መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ስለ አገሪቱ ሥራ እንናገር። የኢንዱስትሪ ቅርስ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚታሰበው ጭስ ማውጫው ወደ ሰማይ የቆመ ፋብሪካ ነው። በእርግጥ በእንግሊዝ አገር አይረንብሪጅ በሚባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1779 የተሠራው የብረት ድልድይ፣ ከአሮጌዎቹ የብረት ማቅለጫ ምድጃዎች ጋር ሙዚየም ሆኖ ተጠብቆ እ.ኤ.አ. በ1986 የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። በአገራችንም የድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕና የአቃቂ ፋብሪካዎች እንዲሁ ይታሰባሉ። በኛ አገር ግን ፋብሪካው ዛፍ ነው፤ ጣራውም የዋንዛና የሌላው ትልልቅ ዛፍ ጥላ ነው። ሊቃውንት አረቢካ የሚሉት ቡና በዱርነቱ የሚገኝበት ዋናው ስፍራ ይኸው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ሊኔዎስ የተባለው የስዊድን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1753 ስሙን ከዐረብ አገር አያይዞ ሰየመው እንጂ፣ የዛፉ አገር ዐረብ አልነበረም።

ዛፉ የዚህ አገር ሰው የዕለት ምግብም መጠጥም ነበር። ዛሬም በቤንች፣ በሸካና በአካባቢው ባለው አገር ጨሞ የሚባለው መጠጥ የሚፈላው ከፍሬው ሳይሆን ከቡናው ቅጠል ነው፤ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ይጨመርበታል። የደጋው ክርስቲያን ግን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው በማለት ለብዙ ዘመን ሲርቀው ኖሮ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ስለ ጠጡ፣ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ጥላቻው እንዲቀር ስለ ረዱ፣ ቀስ በቀስ ወደ ቤታችን ገባ። ዛሬ እንግዲህ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን የምንጠጣው ሲኒ በክርስቲያኑ ቤት ዕድሜው ገና ነው። በነዚህ ደኖች ጥላ ሥር ግን ዕድሜው እጅግ የረዘመ ነው።

የሥራውንም አካሄድ ባጭሩ እንግለጠው። እሸቱ ቀይ ሲሆን በእጅ ይለቀማል። በአሮጌው መንገድ እሸቱ እንደ ተለቀመ በፀሐይ ይሰጣል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሲደርቅ ጀንፈል ይባላል፤ ጀንፈሉ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ በሰፌድም ይነፈሳል። በሁለተኛው መንገድ ግን እሸቱ በተለቀመበት ቀን ልጣጩ በመፈልፈያ መኪና ይወልቃል፤ ዝልግልጉ እስኪለቅ ድረስ በገንዳ ውስጥ ይብላላል፤ በውኃ ይታጠባል፤ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይም ይደርቃል። ይህ የታጠበ ቡና ይባላል። ቡናው ከዚህ ክፍል ወደ ውጭ አገር የሚወጣበትም መንገድ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር በተዋዋሉት ውል ጋምቤላ የንግድ ወደብ እንዲሆን ከተፈቀደ በኋላ፣ የምዕራቡ ቡና በበቅሎ ጭነት ወደ ጎሬ፣ ከጎሬም ወደ ጋምቤላ ወርዶ በመርከብ ወደ ካርቱም ይሻገር ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላም በሚዛን በኩል በበቃ፣ በቴፒም በኩል የቴፒ ቡና ተክል ተቋቁመው ሥራው ሰፊ እርሻ ሆነ። በበቃ ወደ 10,000 ሄክታር የሚጠጋ ስፋት አለው፤ መጀመሪያ በመንግሥት እጅ ነበረ፤ ኋላም ወደ ግል ባለ ሀብት ተዛውሯል።

አሁን ግን በተለይ ልንነግራችሁ የምንወደው ከማጂ ወጥቶ ዓለምን ስለ ዞረ አንድ ጭብጥ ፍሬ ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት በማጂ የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስላ ነበረ። ቆንስሉ ካፒቴን ዌሊ ከኬንያ የእርሻ መሥሪያ ቤት በቀረበለት ጥያቄ መሠረት፣ ጌሻ ከሚባለው አገር ደን የቡና ፍሬ አስለቅሞ ላከ። ጌሻ የሚባል ስፍራ በዚህ ክፍል ከአንድ በላይ ነው። ፍሬው ከኬንያ ወደ ታንጋኒካ ወደ ሊያሙንጉ የምርምር ጣቢያ ሄደ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1953 ባሕር ተሻግሮ በኮስታሪካ ወደሚገኘው የቱሪያልባ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ገባ። እዚያም «ቲ 2722» የሚል ቁጥር ተሰጥቶት በመዝገብ ተጻፈ። የቅጠል ዋግ በሽታን ይቋቋማል ተብሎም በ1960ዎቹ ወደ ፓናማ ተላለፈ። ብዙ ዘመን ችላ ተብሎ ከኖረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ በተደረገው ውድድር አንደኛ ወጣና አንዱ ፓውንድ ከ20 ዶላር በላይ ተሸጠ፤ ይህም በጊዜው እጅግ የሚያስገርም ዋጋ ነበር። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በዚያው በፓናማ በተደረገው ሽያጭ ደግሞ የዚሁ ዘር አንድ ኪሎ ቡና ከ30,000 ዶላር በላይ ወጣ።

አንባቢ ሆይ፣ ዋጋው ብቻ አይደነቅ። ይልቅስ ይህን ታሪክ ልናውቀው የቻልነው እንዴት እንደ ሆነ እናስተውል። የተቀበሉት ሰዎች በየደረሰበት ስለ ጻፉት ነው። በየት እንዳለፈ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተተከለ፣ ቁጥሩ ስንት እንደ ሆነ ሁሉ ተመዝግቧል። ያን ፍሬ ከዛፉ ላይ የለቀሙት እጆች ግን በታሪኩ ውስጥ ስም የላቸውም። የአገሩም ስም ሲጻፍ ጥቂት ተጣሞ «ጌይሻ» ስለ ተባለ፣ በውጭ አገር ብዙ ሰው ቡናውን የጃፓን ነው ብሎ እስከ ማሰብ ደርሷል። መዝገብ ሳይዝ ከቤቱ የወጣ ልጅ የሌላ ቤት ስም ይዞ ይመለሳል ማለት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በዚሁ በጌሻ ደን አጠገብ ሰፊ የቡና እርሻ ተቋቁሞ የጌሻን ስም በዓለም ገበያ እያስጠራ መሆኑ ግን ደስ የሚያሰኝ ነው።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻችን ባስተማርን ጊዜ አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ የዚያ መዝገብ ግልባጭ እዚህ አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀን። የለም አልነው። «እንግዲያ የኛ ምን አለ?» አለ። ከዚህ ጥያቄ የተነሣ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሥራ ጀመርን። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ የሥራ ዕቃ ይዞ እንዲመጣ፣ ዕቃውም በወላጆቹ ቋንቋ ምን እንደሚባል ጠይቆ እንዲጽፍ አዘዝን።

በሚቀጥለው ሳምንት ክፍሉ የገበያ ቀን መሰለ። ሙቀጫ ከነዘነዘናው መጣ፤ ሰፌድ መጣ፤ ከዛፍ ላይ የሚሰቀል የንብ ቀፎ መጣ፤ የቅጠሉ መጠጥ የሚቀዳበት ቅል መጣ፤ እጀታው በእጅ ብዛት የለሰለሰ መቆፈሪያ መጣ። አንዲት ልጅ ግን ባዶ እጇን ቆመች። ለምን እንደ ሆነ ብንጠይቃት፣ «እናቴ ዛሬም ትወቅጥበታለች፤ ቢመጣ ምሳ የለንም። ስሙን ብቻ ይጻፉልኝ» አለች። ይህ ቃል ለሥራችን ሕግ ሆነ። ዕቃው በቤቱ ይኖራል፤ መዝገቡ በትምህርት ቤት ይኖራል። ያገለገለና የተተወ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ቢወድ በአደራ ያስቀምጠዋል፤ በፈለገ ጊዜም ይወስደዋል።

ሥራው ግን ሁልጊዜ አልቀናንም። በከተማው ዳር በአንድ ሰው ግቢ ውስጥ በእጅ የሚዞር አሮጌ የቡና መፈልፈያ መኪና መኖሩን ሰምተን ነበር። መንኰራኩሩ የዛገ፣ ነገር ግን ሙሉ እንደ ሆነ ተነገረን። በቅዳሜው ቀን ልጆቹን ይዘን ብንሄድ፣ ባለቤቱ «ትናንት አሮጌ ብረት የሚገዙ ሰዎች መጥተው ወሰዱት» አሉን። በመዶሻ ሰባብረው በኪሎ መዝነው ነበር የገዙት። በስፍራው የቀሩት እግሮቹ የቆሙባቸው አራት ድንጋዮች ብቻ ናቸው። ልጆቹ ድንጋዮቹን ከበው ዝም ብለው ቆሙ። ለባለቤቱ ገንዘቡ የአንድ ሳምንት እህል ሆኗቸዋልና ልንወቅሳቸው አንችልም። ዕቃው ዋጋ እንዳለው የነገራቸው የመጀመሪያው ሰው ብረት ገዢው ሆነ፤ የነገራቸውም ዋጋ የብረቱን ብቻ ነው። ይህ በየቀኑ በየመንደሩ የሚደረግ ነገር መሆኑን ስናስብ ልባችን ያዝናል።

ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረን ግን የአንድ የዲዚ ሽማግሌ ቃል ነው። ትልቅ የእንጨት ሙቀጫ በቤታቸው ስላለ ልንጽፈው ሄድን። ተቀመጡ ብለው የቅጠሉን መጠጥ ሰጡን። ሥራችንን ካስረዳናቸው በኋላ ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «መምህር፣ ሙቀጫውን ትጽፋላችሁ?» አሉ።

«አዎን አባባ፣ እርስዎ ከፈቀዱ» አልናቸው።

«እንግዲያው ማን እንደ ወቀጠበትም ጻፉ። እናቴ በዚህ ሙቀጫ የወቀጠችው ለኛ ቤት ብቻ አይደለም። ለባላባቱም ለወታደሩም ቤት ነው። የእናቴ ታላቅ እኅት ደግሞ ተወስዳ አልተመለሰችም። ሙቀጫው ብቻ ከተጻፈ ልጆቹ የሚያምር እንጨት ያያሉ፤ እናቴን ግን አያዩዋትም።»

በዚያ ሰዓት የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። የኛም አያት ቤት የሚበላው እንጀራ በእንዲህ ያለ ሙቀጫና በእንዲህ ያሉ እጆች የተዘጋጀ እንደ ነበረ እናውቃለንና። ገባር በሚባለው ሥርዓት የአገሩ ገበሬ ለወታደሩ ይከፋፈል፣ እህሉንና ጉልበቱንም ይሰጥ ነበር። በማጂ አገር የባሪያ ፍንገላው ብዙ መንደር ባዶ እንዳስቀረ ታሪክ ይመሰክራል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ ባርነትም ፈጽሞ እንዲቀር አዋጅ የወጣው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ላይ ዓመተ ምሕረት ነው፤ በእኒያ ሽማግሌ ቤት ግን የአንዲት አክስት ስም ነው። ስሟን ጠየቅናቸው፤ ነገሩን፤ ጻፍነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በመዝገባችን ላይ አንድ ዐምድ ጨመርን። ዕቃው ምን እንደሚባል፣ ከምን እንደ ተሠራ፣ ማን እንደ ሠራው፣ ለምን ሥራ እንደ ዋለ ከሚሉት በኋላ፣ «ማን ለማን ሠራበት» የሚል ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ፣ «የቆየ ቍስል ለምን ትነካላችሁ?» ብሎናል። የኛ መልስ ይህ ነው፤ ቄሰ ገበዙ ሲረካከብ የተሰጠውን ብቻ ሳይሆን የጠፋውንና የተሰበረውንም ይናገራል። የጠፋውን የደበቀ ገበዝ ዕቃ ጠባቂ አይባልም። በአንድ ክፍል የዲዚውም የወታደሩም የልጅ ልጅ አብረው ተቀምጠው ያንን መስመር ባነበቡ ጊዜ ጠብ አልተነሣም። አንዱ ሌላውን፣ «ያንተስ አያት ምን ይሠሩ ነበር?» ብሎ ጠየቀው እንጂ። ጥያቄው በደግ ቃል ከተጠየቀ፣ እውነት ሰውን ከሰው የሚያቀራርብ መሆኑን አይተናል።

አንዳንዱ ደግሞ፣ «ሙዚየም በትልልቅ ከተማ አለ፤ የናንተ ቁም ሣጥን ምን ይረባል?» ይላል። እውነት ነው፤ በቦንጋ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለ። በጅማ ሙዚየም የአባ ጅፋር መገልገያዎች ይታያሉ። ከኦሞ ማዶ በጂንካ የደቡብ ኦሞ ሕዝቦች ዕቃ ያለበት ሙዚየም አለ። በአዲስ አበባም በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለ። ከዚህ በስተ ደቡብ በኦሞ ሸለቆ በኪቢሽ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው የጥንት ሰው አፅም፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ጥናት ቢያንስ 233,000 ዓመት እንዳለው የተነገረለት፣ በዚያው በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። እነዚህ ሁሉ የሚመሰገኑ ናቸው፤ የቻለ ወላጅ ልጁን ይዞ ሄዶ እንዲያሳይ እንመክራለን። ነገር ግን የቱም ልጅ ወደ ቦንጋ ለመሄድ የመኪና ኪራይ ያስፈልገዋል፤ ብዙዎቹም ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ሚዛንን እንኳ አላዩም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፣ የቱምን ዕቃ ከቱም ሰው የበለጠ ሊተረጕም የሚችል የለም። ትልቁም ሙዚየም ቢሆን ከትንሹ መዝገብ ካልተቀበለ የሚያሳየው ዕቃ እንጂ የሚናገረው ታሪክ አይኖረውም።

ሥራውም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የኛ ዕቃ ቤት አንድ ቁም ሣጥንና አንድ ጠንካራ ደብተር ነው። ይህ አገር እርጥበት ያለበት፣ ምስጥም የሚበዛበት ስለ ሆነ፣ ዕቃውን ከመሬት ከፍ አድርገን በጣውላ ላይ እናስቀምጣለን፤ ከግድግዳም እናርቀዋለን። የቆዳ ዕቃ ሻጋታ እንዳያበላሸው አየር ባለበት እንሰቅለዋለን። ይህን ያስተማረን የሩቅ አገር ባለሙያ አይደለም፤ አባቶቻችን መጽሐፉን በማኅደር አድርገው ከግድግዳ መስቀላቸው ከአይጥም ከእርጥበትም እንዲድን ነበርና ከእነርሱ የወረስነው ነው።

በቁም ሣጥን የማይገባ ቅርስ ግን አለ፤ እርሱም ዛፉ ነው። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብለው ተመዝግበዋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ የአየሩ ጠባይ አሁን እንደሚሄደው ከሄደ በዚህ ምዕት ዓመት መጨረሻ ላይ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ያስጠነቅቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የዱሩ አረቢካ ቡና የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዕፀዋት ጋር ተቈጥሯል። ከማጂ የወጣው አንድ ጭብጥ ፍሬ ለሌላ አገር ያን ያህል ካበለጸገ፣ በደኑ ውስጥ ገና ስም ያልወጣለት ዛፍ ስንት እንዳለ ማን ያውቃል? ስለዚህ በጓሮው አሮጌ የቡና ዛፍ ያለው ቤተ ሰብ፣ ፍሬው አነስተኛ ነው ብሎ ከመቍረጡ በፊት ቢያንስ ስሙንና ጠባዩን ይጻፍ፤ ከተቻለም አንዱን ግንድ ያስቀር። ተማሪዎቻችንም በዚህ ዓመት የዛፎችን ዝርዝር በመዝገቡ መጨረሻ ጀምረዋል፤ አያቶቻቸው ለእያንዳንዱ ዛፍ የሚሰጡት ስም ሲጻፍ ደብተሩ እንዳይበቃን እንሰጋለን።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ይህን ለናንተ የምንጽፈው በቱም ብቻ እንዲቀር አይደለም። በየምትኖሩበት ከተማ፣ በሸማኔው ቤት፣ በባቡር ሠራተኛው ቤት፣ በወፍጮ ቤት፣ በፋብሪካ ሠራተኛው ቤት ሁሉ ያገለገለ ዕቃና ያልተጻፈ ስም አለ። ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ቡና ሲፈላ ልጆቻችሁ ደብተር ይዘው ይቀመጡ። በአቦሉ፣ «ይህ ዕቃ ምን ይባላል?» ብለው አያታቸውን ይጠይቁ፤ በቶናው፣ «ማን ሠራው?» ይበሉ፤ በበረካው፣ «ማን ለማን ሠራበት?» ይበሉ። ሦስቱን መልስ ከነቀኑና ከነዓመተ ምሕረቱ ይጻፉ፤ አያትም ቢችሉ ይፈርሙበት። መልሱ የሚያስደስት ቢሆን ይጻፍ፤ የሚያሳዝንም ቢሆን ይጻፍ። አሮጌ ብረት የሚገዙት ሰዎች በየደጃችን እየመጡ ነው፤ አያቶቻችንም በየዓመቱ ቁጥራቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ሰንበት አናሳድረው።